ተራው ከየት ይቆጠር

ከደጋው ሥር ወርዶ ቆላውን የሚያቋርጥ አንድ ወንዝ ነበር፤ በበጋም ጨርሶ አይነጥፍም። በወንዙ ግራ ዳር የሚኖረው ሰው ኑሮው በውሃ ጠለፋ ነው። ጠለፋው ድንጋይ፣ ጭራሮና ጭቃ ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ይዞት ይሄዳል፤ ጥቅምት ሲጠባ አገሩ በሙሉ በደቦ ወጥቶ መልሶ ይሠራዋል። ከጠለፋው የሚወጣው ቦይ የኮረብታውን ወገብ ይዞ ይሄድና መጀመሪያ የራስጌ ሰፈርን፣ ቀጥሎ የመካከሉን፣ በመጨረሻ የግርጌ ሰፈርን እርሻ ያጠጣል። ከግርጌ ወዲያ ቦይ የለም፤ ግራርና ድንጋይ ነው።

ቦዩን የቆፈሩት የራስጌዎች አያቶች ናቸው ይባላል። ግርጌዎች ኋላ የመጡ ናቸው፤ ገሚሱ ሸክላ ሠሪ፣ ገሚሱ በክፉ ቀን ከሌላ አገር ተሰዶ የመጣ፣ ገሚሱ ደግሞ በጋብቻ የተጠጋ። ይህን ግን ሰው አደባባይ ላይ አያነሣውም። ገበያው አንድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ፣ እድሩም አንድ ነው። ልጅ ሲወለድ ክርስትና ይነሣሣሉ። አንድ እንግዳ ሁለት ቀን አድሮ «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» ብሎ ቢሄድ አልዋሸም።

ውሃውን የሚያካፍሉት የውሃ አባት ነበሩ። አገሩ መርጦ የሾማቸው፣ ለዘመድ የማያደሉ፣ የገዛ ወንድማቸውን ሌሊት ውሃ ሲሰርቅ አግኝተው ፍየል ያስቀጡ ሰው ናቸው። ሕጉም እንደ እሳቸው ቀጥ ያለ ነው። 48 ቤት አለ፤ ለእያንዳንዱ ቤት 6 ሰዓት ውሃ ይደርሰዋል። ማን ከማን ይቀድማል የሚለው በየዙሩ በዕጣ ይወጣል። 6ቱ ሰዓት የሚቆጠረው የውሃ አባት ከጠለፋው አፍ ላይ ድንጋዩን ካነሡበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ሲሞላ ቀጣዩ ባለ ዕጣ ይጠራል። በ12 ቀን ዙሩ ያልቃል። ሕጉ ደሃና ሀብታም አይልም፤ ራስጌና ግርጌም አይልም።

እንግዲህ የግርጌ ሰው ተራው ደረሰ እንበል። ድንጋዩ ተነሣ፤ ሰዓቱ ይቆጠራል። ውሃው ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ያጠጣው የራስጌ ሰው ከነበረ፣ የታችኛው ቦይ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ነው የሚጠብቀው። ውሃው መጀመሪያ ስንጥቁን ይሞላል፤ ከዚያ የጉንዳኑን ጉድጓድ፤ ከዚያ የፍልፈሉን። ባለ ተራው አካፋውን ተደግፎ እርሻው ራስ ላይ ቆሟል። ተራው እያለቀ ነው፤ እግሩ ግን ገና አልራሰም።

ጠረጋውም እንዲሁ ነበር። ሁሉም ከጠለፋው ተነሥቶ እስከ እርሻው ድረስ ያለውን ቦይ ይጠርጋል፤ ከዚያ በላይ አይጠየቅም። ላልተጠቀመበት ቦይ ማን ይደክማል? ይህም ሲሰሙት ልክ ነው። ለራስጌ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ፤ ለግርጌ ሰው የሳምንት።

ቃሪያው ሲጠወልግበት የግርጌ ሰው ሌሊት ይነሣና ከመካከል ሰፈር ቦይ ይጥሳል። ይያዛል፤ ይቀጣል። የውሃ አባት የቅጣት ደብተር አላቸው፤ ደብተሩን የገለጠ ሰው ከአሥሩ ስም ስምንቱ የግርጌ መሆኑን ያያል። የተጻፈው ሁሉ የተደረገ ነው፤ አንድም ሐሰት የለበትም። ደብተሩ እየወፈረ ሲሄድ ግን «የግርጌ ሰው ውሃ ይሰርቃል» ማለት «ግርጌ ላይ ግራር ይበቅላል» የማለት ያህል ተራ ወሬ ሆነ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ይነሣል። ልጆች እረኝነት ላይ ሲጣሉ ይነሣል። ግርጌዎች ራሳቸው፣ በተለይ አዛውንቶቹ፣ «ምን ይደረግ፣ የእኛ ሰፈር ልጅ እጁ አያርፍም» ማለት ጀምረው ነበር።

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ፀሐይ ስትከር፣ አንድ ሰው ከአንድ ሰው ጋር በአካፋ ይፈነካከታል። ወዲያው ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹ በሙያቸው የታወቁ ናቸው፤ የሁለቱንም ወገን ይሰማሉ፣ ጥፋተኛውን ይለያሉ፣ ካሳ ይቆርጣሉ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያስብላሉ፤ ቡና ይፈላል፣ አቦሉ ይጠጣል፣ ጉልበት ይሳማል። ሰዎቹ የምራቸውን ይታረቃሉ። በዓመቱ ሚያዝያ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይፈነካከታሉ፤ ሽማግሌዎቹም እዚያው ዋርካ ሥር ይቀመጣሉ።

አንድ ዓመት የተፈነከተው የአንዲት የግርጌ ሴት ልጅ ነበር። ሴትዮዋ ባሏ የሞተባት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጌሾ እያበቀለች ልጆች ያሳደገች ናት። የፈነከቱት ደግሞ የራስጌው አዛውንት፣ ለዚያው ልጅ የክርስትና አባቱ ናቸው፤ ቦይ ሲጥስ አግኝተውት ነው። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ልጁንም አዛውንቱንም አስታረቁ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረው፣

«እቴ፣ አንቺም ይቅር በይ እንጂ» አሏት።

«ማንን?»

«አያን ነዋ።»

«እኔ ከአያ ጋር አልተጣላሁም። ልጄን ክርስትና ያነሡልኝ ሰው ናቸው፤ መቱት እንጂ አልጠሉትም። እሱም ጥፋተኛ ነው፤ ቦይ ጥሷል።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«ጠቤ ከቆጠራው ጋር ነው። ይህ የሰዓት ቆጠራ ከአማቴ ጋር ተጣልቶ ነበር፤ ከባሌ ጋር ተጣላ፤ ዘንድሮ ከልጄ ጋር ተጣላ። ሽማግሌ የሚላክ ከሆነ ወደ እሱ ላኩልኝ።»

አንዳንዱ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። በዚያ አገር ዕርቅ አልቀበልም ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዱ «አገር ልትበትን ነው እንዴ!» አሉ። ቡናው ፈላ፤ እሷ ሳትጠጣ ሄደች።

ከዚህ በኋላ የሆነው እሷ ያሰበችው አልነበረም። የግርጌ ጎረምሶች ቃሏን ሰሙና በራሳቸው ፈቱት። በሦስተኛው ሌሊት አምስት ሆነው ወጥተው ጠለፋውን አፈረሱት፤ ልጇም አብሯቸው ነበር። ወንዙ እንደ ጥንቱ አልጋውን ይዞ ወረደ። ጠዋት ላይ ራስጌም ግርጌም ቦዩ ደረቀ። ይህ ለጎረምሶቹ መጀመሪያ ላይ ደስታ ነበር፤ እኩል ሆንን አሉ። ሳምንት ሳይሞላ የራስጌ ቃሪያ ጠወለገ፤ የግርጌ ነጭ ሽንኩርት ግን ከዚያ በፊት አለቀ፤ ቀድሞም ጥም ላይ ነበርና።

ራስጌዎች «ያፈረሱትን ካልሰጣችሁን አንነጋገርም» አሉ። ግርጌዎች «ስለ ቆጠራው ካልተነጋገርን ለደቦ አንወጣም» አሉ። ጠለፋውን ደግሞ ራስጌዎች ብቻቸውን ሊሠሩት አይችሉም፤ ድንጋዩ የሁሉን ሰው ትከሻ ይፈልጋል። እሳት መጫጫር ቀረ። ጎረቤት ለጎረቤት ቡና መጥራት ቀረ። የራስጌ ወጣቶች የአያቶቻቸውን ጠመንጃ ወለወሉ። ከእድሩ እንውጣ የሚል ሰው ከሁለቱም ወገን ተሰማ።

በዚህ መካከል የውሃ አባት እናት ሞቱ። ራስጌ ናቸው። ለቅሶ ቤቱ ውሃ ይፈልጋል፤ ቦዩ ደርቋል፤ ወንዙ ሩቅ ነው። ያቺ ሴት እንስራዋን አዝላ ወጣች፤ ጥቂት የግርጌ ሴቶች ተከተሏት፤ እስከ ሠልስት ድረስ ከወንዝ ውሃ ሲያመላልሱ ሰነበቱ። ከሰፈሯ «የወገን ከዳተኛ» ያላት ሰው አልጠፋም። «ሙት አልከሰስኩም» ብላ አለፈች።

በሠልስቱ ማግስት ወደ ውሃ አባት ቤት ተመልሳ ሄደች። ልጇን ይዛ ነው።

«አባቴ፣ ካፈረሱት አንዱ ይሄ ነው። ሌሎቹን እነሱው ይናገሩ። ይቀጣ። ከደብተርዎ ላይ ይጻፉት።»

የውሃ አባት ዝም ብለው አዩዋት።

«ቅጣቱን ሲከፍል ግን ነገሩ አለቀ እንዳይሉኝ። ቅጣቱ ላፈረሰው ነው። ጠለፋው ሲሠራ አንድ ሌሊት የእኔ ተራ ይሁን፤ እርስዎም ድንጋዩን አንሥተው ቤትዎ አይግቡ። ውሃውን ተከትለው እኔ እርሻ ድረስ ይውረዱ። አያም ይምጡ።»

ሰውዬው በሠላሳ ዓመት ሹመታቸው ውሃውን ተከትለው ወርደው አያውቁም ነበር። ሥራቸው ከጠለፋው አፍ ላይ ነው፤ ሰዓት ማክበር። ማንም ከዚያ በላይ ጠይቋቸው አያውቅም።

አምስቱ ጎረምሶች ተቀጡ። ከዚያ በኋላ ግርጌዎች ለደቦ ወጡ፤ እያጉረመረሙ። ጠለፋው በአራት ቀን ተሠራ። በአምስተኛው ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የውሃ አባት ድንጋዩን አነሡና ፋኖስ ይዘው፣ ከራስጌው አዛውንት ጋር፣ በቦዩ ጠርዝ መውረድ ጀመሩ። ጥልቀቱን የሚለኩበት ዱላ ይዘዋል። ራስጌ ላይ ውሃው ዱላውን እስከ ጉልበት አረጠበው፤ የደረሰውም ወዲያው ነው። መካከል ሰፈር የደረሰው 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ረዘመባቸው። ውሃው ይቆማል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ እየተንደቀደቀ ይሰምጣል፤ ደግሞ ይነሣል። አዛውንቱ ሁለት ጊዜ ተቀምጠው አረፉ። ግርጌ የደረሱት 4 ሰዓት ሲሆን ነው። ዱላው ላይ የታየው እርጥብ ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም። ሴትዮዋ አካፋዋን ይዛ ቆማለች። ከ6ቱ ሰዓት ሦስቱ ሄዷል።

አዛውንቱ ሞኝ አልነበሩም። መጀመሪያ ያሉት፣ «ድንጋዩ ሲዘጋ ቦዩ ውስጥ የቀረው ውሃስ? እሱ ለአንቺው ይወርድልሻል» ነው። ልክ ነበሩ። ስለዚህ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ቆዩ፤ ተራው አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የወረደውንም ጠበቁ። አንድ ሰዓት ያህል ፈሶ ተቋረጠ።

ሁለተኛ ያሉት ከፊተኛውም የከበደ ነው። «እንግዲህ አየን። የጠፋውን ውሃ መሬቱ ጠጣው እንጂ እኛ አልጠጣነው። ከእኛ እርሻ አንዲት ጠብታ ከድርሻችን በላይ አልገባም። ስለምን እንከሰሳለን?»

የውሃ አባት ፋኖሱን አስቀመጡና ብዙ ዝም አሉ።

«ልክ ነው፣ አልጠጣችሁም» አሉ በመጨረሻ። «ግን መሬቱ የጠጣው ከማን ተራ ላይ ነው?»

ከዚያ በኋላ ዋርካው ሥር የተደረገው ንግግር ሦስት እሑድ ፈጀ። ሁሉን አልተርክም፤ አብዛኛው ሒሳብ ነው። ሰዓቱ ውሃው ከእርሻው ራስ ሲደርስ እንዲቆጠር፣ ኋላ የሚወርደው እንዲቀነስ ተወሰነ። ለ16ቱ የግርጌ ቤቶች 2 ሰዓት፣ ለ16ቱ የመካከል ቤቶች 1 ሰዓት ተጨመረ። ይህ ሲደመር ሁለት ቀን ሆነ፤ 12 ቀን የነበረው ዙር 14 ሆነ ማለት ነው። የጠፋው ውሃ አሁንም ይጠፋል፤ መሬቱ መጠጣቱን አልተወም። አሁን ግን 48ቱም ቤት ሁለት ሁለት ቀን እየጠበቀ ኪሳራውን ይካፈለዋል። ጠረጋውም ለሁሉ ከራስ እስከ ግርጌ በእኩል ቀን ሆነ። አንድ የራስጌ ልጅ በመጀመሪያው ጠረጋ ግርጌ ድረስ ወርዶ የፍልፈሎቹን ጉድጓድ ሲያይ «ይሄን ሁሉ ዓመት ማንም አልደፈነውም?» አለ። በድንጋይና በጭቃ ደፈኑት፤ በሁለተኛው ዓመት ከሚጠፋው ሰዓት ጥቂቱ ተመለሰ።

ደብተሩን በተመለከተ ጎረምሶቹ «ይቃጠል» ብለው ነበር። የውሃ አባት እምቢ አሉ። የሆነው ሆኗል፤ የተቀጣም ተቀጥቷል። በአዲሱ ደብተር ግን ከስሙና ከቅጣቱ ጎን ሌላ ዓምድ አሰመሩ፤ ውሃው በስንት ሰዓት እርሻው እንደደረሰ የሚጻፍበት።

ቡናው የተፈላው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የራስጌው አዛውንት አልመጡም። ሁለት ቀን ለቃሪያ ብዙ ነው፤ በዚያ ዓመት እውነትም ቃሪያቸው አንሷል፤ እስኪሞቱም ድረስ «ተበድያለሁ» ይሉ ነበር። ማንም ሊያስገድዳቸው አልሄደም፤ ማንም «ክፉ» አላላቸውም። ለጠረጋው ቀን ግን መጡ፤ አካፋቸውን ይዘው።

ይህ አገር በካርታ ላይ አይገኝም። ችግሩ ግን የታወቀ ነው፤ በፑንጃብ የመስኖ ቦዮች ዋራባንዲ በሚባለው የውሃ ተራ፣ ቦዩን ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜ ለባለ ተራው ይታሰብለታል፣ ሲዘጋ በቦዩ የሚቀረው ደግሞ ይቀነስበታል። ቆጠራው ከየት ይጀምር የሚለውን ጥያቄ ሰው ሳይፈነካከት ሊያሰላው እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻኝም። እኔ ምሳሌውን ስጽፍ ያሰብኩት ግን ሁለት ሌሎች አገሮችን ነው።

አንደኛዋ ደቡብ አፍሪካ ናት። እዚያ ቡናው ቀድሞ ፈላ። እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ለብዙኃኑ ጥቁር ሕዝብ የከለለው መሬት ከአገሩ 7 ከመቶ ገደማ ነበር፤ በ1936 በወጣ ሌላ ሕግ ወደ 13 ከመቶ ግድም ከፍ እንዲል ተደረገ። ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ነው። በ1995 በሕግ የተቋቋመው፣ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የመሩት የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ግን በዋናነት የታዘዘው ግድያን፣ አፈናንና ማሰቃየትን እንዲመረምር ነው፤ ደብተሩን ማለት ነው። ምሁሩ ማህሙድ ማምዳኒ ያቀረቡት ወቀሳ ይህ ነው፦ በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት ሲቀመጡ፣ ማንንም ሳይመታ በሥርዓቱ የተጠቀመው ሰፊው ሕዝብ ከውይይቱ ውጭ ቀረ። ኮሚሽኑ ራሱ በ1998 ባወጣው ሪፖርት ባለጸጎች ላይ የተለየ ግብር እንዲታሰብ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ አልተደረገም። በ2003 ለተመዘገቡት ተጎጂዎች የተወሰነላቸው ለእያንዳንዳቸው የአንድ ጊዜ 30,000 ራንድ ክፍያ ነው። በአምስት ዓመት 30 ከመቶ የእርሻ መሬት ይተላለፋል የተባለውም በቀጠሮው አልደረሰም። ቢሆንም ያንን ቡና አላቃልለውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁሉ ሰው የፈራው ጦርነት አልመጣም፤ ለዚህም ዕርቁ ድርሻ አለው። ዋርካው ሥር ያሉት ሽማግሌዎችም እኮ ከንቱ አልነበሩም፤ በየዓመቱ ደም አስቀርተዋል።

ሁለተኛዋ የእኛው ናት። እኛ ተራውን ለወጥነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሲሰለፉ ያነሡት የቆጠራውን ጥያቄ ነበር። በተለይ በደቡብ፣ እኩል አራሽና ሲሶ አራሽ እየተባለ ሰው ያረሰውን ለሌላ ጎተራ ያስገባበት ሥርዓት በአንዳንድ ባለ ርስት ጭካኔ ብቻ የቆመ አልነበረም፤ ደግ ባለ ርስትም ያንኑ ድርሻ ይወስዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ይህንን ቆረጠው፤ ጭሰኝነት ቀረ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ ተከለከለ። ከገባሩ ትከሻ የወረደው ሸክም እውነተኛ ሸክም ነበር፤ ይህን የሚክድ ሰው አያቶቹ ከየትኛው ሰፈር እንደነበሩ እጠረጥራለሁ።

ነገር ግን ከአዋጁ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች፣ ያለ ፍርድ ተረሽነዋል። ከዚያም በ1969 እና በ1970 የቆጠራው ጥያቄ ፈጽሞ የሰው ስም ጥያቄ ሆነ፤ ማን አድኃሪ ነው፣ ማን አናርኪስት ነው፣ ማን ይኑር። ለቅሶ እንኳ ተከለከለ፤ ልጁ የተገደለበት ሰው አታልቅስ ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ መንግሥት በገበሬው ላይ የእህል ኮታ ሲጥል፣ በሰፈራና በመንደር ምሥረታ ከቀዬው ሲያነሣው፣ አንድ ላይ ቆሞ «ይህስ ከየት ይቆጠራል?» የሚል አገር አልቀረም ነበር። ጠለፋውን አፍርሰን ስለነበር ድንጋዩን የሚያነሣ ትከሻ ተበታትኖ ነበር።

ሴትዮዋ ካደረገችው ሁሉ የሚከብደኝ ልጇን ይዛ መሄዷ ነው። ለቅሶ መድረስ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ጠላቴ የምንለው ሰው ሲሞት እንኳ እንሄዳለን። «ጠቤ ከቆጠራው ጋር ነው» ማለትም የንግግር ችሎታ ላለው ሰው ይቻላል። የራስን ወገን ጥፋት በስሙ ጠርቶ ካስቀጡ በኋላ «ጥያቄዬ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም» ብሎ መቆም ነው ሰው የሚያጣው። ብዙውን ጊዜ የምናየው ተቃራኒውን ነው፤ የተበደለው ወገን ጥያቄው እንዳይወድቅበት ጥፋቱን ይደብቃል፤ የተጠየቀው ወገን ደግሞ ያንኑ ጥፋት አንሥቶ ጥያቄውን ይቀብርበታል። «ለፍቅር ሲባል ዝም በሉ» የሚሉ ሽማግሌዎችንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላምናቸውም፤ ዝም እንዲል የሚለመነው ሁልጊዜ የግርጌው ነው።

የአዛውንቱ ነገርም መነገር አለበት። እሳቸው የተከሰሱት በስርቆት ቢሆን ኖሮ በክብራቸው ምለው ይከራከሩ ነበር፤ ጠመንጃውም ይወጣ ነበር። የቀረበላቸው ክስ ሳይሆን ኪሳራ ነው፦ ሁለት ቀን ይጠብቁ፣ እንደ ሌላው። ይህም ቢሆን መሯቸዋል፤ እንዳይመራቸው መጠበቅም የዋህነት ነው።

የእኛ ሽምግልና ለዚህ የሚሆን መሣሪያ የለውም ማለት አይደለም። ካሳ አለ፤ ዋስ አለ። ዕርቁን ያፈረሰ ዋሱን ያስጠይቃል፤ ዋሱ ደግሞ ዘመድ ወይም ጎረቤት ስለሆነ ሰው ያፍራል። ችግሩ ዋስ የሚጠራው ለሁለት ሰው ጠብ መሆኑ ነው፤ ለመሬት ይዞታ ሕግ፣ ለቋንቋ፣ ለሥራ ቅጥር፣ ለበጀት ቀመር ዋስ የሆነ ጎረቤት አላየንም። በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ከየወረዳው አጀንዳ ሲሰበስብ ቆይቷል። ያን መዝገብ የማየት ዕድል ያለው ሰው አንድ ነገር ቢያጣራልኝ እወዳለሁ፦ ከገቡት አጀንዳዎች ውስጥ «እነ እገሌ በደሉን» የሚሉት ስንት ናቸው፣ «ተራው ከዚህ ይቆጠር» የሚሉትስ ስንት? ሁለተኛዎቹ ጥቂት ከሆኑም አይጣሉ፤ መጀመሪያ እነሱ ይነበቡ፣ በሚያስከፍሏቸው ሰዎች ፊት።